ትራክተሩ የኔ፣ ማጨጃው የሱ

እህትና ወንድም ሳይነጋገሩ ምን ያህል ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔና ቶሌራ ሁለት ዓመት ያለምንም ችግር ቆይተናል እላችኋለሁ። ሦስተኛውንም ልንጀምር ነበር። ዕርቅ ያልሆነላቸው ሽማግሌዎች ተስፋ ቆርጠው ከተዉን በኋላ ያስቆመን አንድ የዛገ የሳር ማጨጃ ነው። የዚያን ቀን የሆነውን ለሰው አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ለናንተ የማወራው፣ ከመካከላችሁ ከገዛ ወንድሙ ጋር በሰው አፍ የሚነጋገር አይጠፋም ብዬ ስለማስብ ነው።

ጫልቱ እባላለሁ። ያደግሁት ሱሉልታ ሜዳው ላይ ነው። አዲስ አበባ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ አባቴ ሲታመም ሥራዬን ትቼ ተመለስኩ። እሱን ማስታመሙም፣ ላሞቹን ማለቡም፣ ወተቱን ማድረሱም የኔ ሥራ ሆነ። አባቴ ሲያርፍም እዚያው ቀረሁ። ታናሽ ወንድሜ ቶሌራ በአዲስ አበባ ሌላኛው ጫፍ፣ ዓለም ገና ላይ ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሰርቪስ ይነዳል።

የተጣላነው በአባታችን አርባ ላይ ነው። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፣ ዘመድ አዝማድ ተቀምጧል። በምን እንደተጀመረ አላስታውስም፤ ቶሌራ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንቺ የመጣሽው ለአባባ አይደለም፣ ለመሬቱ ነው» አለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ አባቴን ሳጥብና ሳገላብጥ የከረምኩ ሰው ነኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም አልሰጠሁትም፣ የእግዜር ሰላምታ እንኳን።

ከዚያ ውርስ መካፈል መጣ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ኦቦ ለገሰና ሌሎች ሽማግሌዎች ግራር ሥር ተቀመጡ። ቤቱና መሬቱ እናታችን እስካለች የሷ ነው፣ ላሞቹን የምታልባቸው ጫልቱ ትያዝ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ከዚያ ኦቦ ለገሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትራክተሩ ለጫልቱ፣ የሳር ማጨጃው ለቶሌራ» አሉ።

ትራክተሩንና ማጨጃውን አባቴ ከአንድ የመንግሥት እርሻ በጨረታ አብሮ የገዛቸው፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ማጨጃው ከትራክተሩ ኋላ ይታሰርና በጎን በኩል ረጅም ክንዱን ዘርግቶ፣ በብረት ጣቶቹ መካከል ምላጩ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ሳሩን ያጭዳል። ያለ ትራክተር የብረት ክምር ነው። «ኦቦ ለገሰ፣ አንቱ ጫማ ሲያካፍሉ ግራውን ለአንዱ፣ ቀኙን ለአንዱ ነው የሚሰጡት?» አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ «ተስማምታችሁ ብሉ» ብቻ አሉኝ።

ቶሌራ በሳምንቱ ማጨጃውን በአይሱዙ ጭኖ ዓለም ገና ወሰደው። ከቤቱ ጓሮ አቁሞት ሚስቱ ልብስ ታሰጣበታለች ብለው ነገሩኝ። እዚያው ይዛግ አልኩ። እኔም ትራክተሬን ውኃ እያመላለስኩበት ተቀመጥኩ። ያለ ትራክተር ማጨጃ ምን እንደሚጠቅመው አላውቅም፤ እሱ ግን ትራክተሩን አልጠየቀኝም፣ እኔም ማጨጃውን አልጠየቅሁትም።

የመጀመሪያውን ዓመት በሰው አሳጭጄ ተወጣሁት። በሁለተኛው ዓመት ግን አጫጅ የሚባል ነገር ጠፋ። ጉልበት ያለው ሁሉ ፋብሪካና ሕንፃ ሥራ ገብቷል፤ የተረፉትንም ብዙ ላም ያላቸው ባለሀብቶች ቀድመው ይዘዋቸዋል። የሱሉልታ ሳር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው መቅላት ሲጀምር ካልታጨደ ጭድ ይሆናል፤ ላም ሆዷን ትሞላበታለች እንጂ ወተት አይወጣውም። ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ ደግሞ እሱም ይበሰብሳል። ያን ሳምንት ሳሩ ቆሞ እኔም ቆሜ ተያየን።

አንድ ማታ እራት ላይ ለእናቴ ቁርጡን ነገርኳት። «እማዬ፣ ሳሩ በዚህ ሳምንት ካልታጨደ ላሞቹን እሸጣለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ መድኃኒት ቤቴ ነዋ። ያለ ላም እዚህ ምን አደርጋለሁ?»

እናቴ ሰፈሩ አዴ ብርቄ እያለ የሚያከብራት፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ተነስታ እጇን ታጠበች። በማግስቱ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ ልደርስ ነው ብላ ወጣች፣ ሳትመለስም አደረች።

በነጋታው ጠዋት በራችን ላይ የመኪና ክላክስ ጮኸ። ስወጣ አይሱዙ ቆሟል። ከላይ ማጨጃው ክንዱን ወደ ሰማይ አንስቶ ታስሯል። ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ እናቴ፣ ከሷ ወዲያ ቶሌራ።

«እማዬ፣ ለቅሶ ነው የምሄደው አላልሽኝም?»

«ሄጄ ነበር» አለች እየወረደች። «የራሴን ለቅሶ ነው የደረስኩት።»

«ለምን አመጣሽው?»

«የቱን? ማጨጃውን ነው ልጄን?»

ቶሌራ ወረደ። ከኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ፣ እኔን እንደ አጥር እንጨት አልፎ ወደ እናቴ አየና «እማዬ፣ የት እናውርደው በያት» አለ።

እናቴ ወደኔ ዞረች። «የት እናውርደው ይልሻል።»

«ጆሮ አለኝ በይው።»

«ጆሮ አላት» አለችው።

ቀኑ እንደዚህ ነው የተጀመረው። እንደዚህም ነው የቀጠለው።

ማጨጃውን ከጋጣው ኋላ አወረዱት፣ አይሱዙውም ሄደ። መሬቱ ከላሞቹ ሽንት የተነሳ ለስላሳ ጭቃ ነው። ማጨጃው ወዲያው አንድ ጎኑ ሰመጠና እንደ ሰካራም ዘመም ብሎ ቆመ። ጣውላ ሥሩ ሊደረግ ይገባ ነበር። ይህን እኔም አውቄያለሁ፣ ቶሌራም አውቋል። ማን ለማን ይናገር?

ሳንነጋገር ግን አንድ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ትራክተሬን ከኔ በቀር ማንም አይነዳም። ማጨጃውን ከሱ በቀር ማንም አይነካም። ስለዚህ እኔ ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ እሱ ፒኑን ይዞ ከኋላ ቆመ፣ እናቴ ከትልቁ ጎማ አጠገብ ቆማ ቃል ታቀብላለች። ሥራው ትራክተሩን በሪትሮ ወደ ኋላ ቀስ ብሎ አስጠግቶ፣ ሁለቱን የታች ክንዶቹን ከማጨጃው ቀዳዳዎች ጋር አግጥሞ ፒን መክተት ነው። ከጣት ያነሰ ስህተት ይበቃዋል።

«ኋላ ትምጣ በያት።»

«ኋላ ነይ ይላል።»

ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደርጋለሁ።

«በቃ! ትቁም በያት!»

«በቃሽ ቁሚ ይላል።»

እስክትነግረኝ ድረስ ብረት ከብረት ተጋጭቶ ጓ ይላል፣ ክንዱ ቀዳዳውን አልፎ ይሄዳል። ወደ ፊት እወጣለሁ። እንደገና ኋላ። የትራክተሩ ሞተር ይጮኻል፣ እናቴ ከሞተሩ በላይ ትጮኻለች። አንዴ ግራው ይገጥምና ቀኙ ይቀራል፣ አንዴ ቀኙ ይገጥምና ግራው ይቀራል። ቶሌራ መዶሻውን መሬት ላይ ይወረውራል። እኔ መሪውን በጥፊ እመታለሁ።

በመጨረሻ ግራው ገባ፤ ቀኙ ግን የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ቶሌራ ያንን ከባድ ብረት በክሪክ ሊያነሳ ሥሩ ገብቶ ይታገላል። ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ድንጋይ ያስገባል፣ ድንጋዩም ይሰምጣል። እኔ ደግሞ አባቴ ሲያስር ከልጅነቴ ጀምሮ የትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ ተቀምጬ ያየሁ ነኝ። የትራክተሩ የቀኝ ክንድ እጀታ አለው፤ ሲዞር ክንዱ ከፍና ዝቅ ይላል። ማለት የነበረብኝ «እጀታውን አዙረው» ብቻ ነበር። ይጠይቀኛ አልኩ በልቤ። አልጠየቀኝም። ረፋዱ ሁሉ በዚህ አለቀ። ኋላ በዲጅኖ ፈንቅሎ፣ በመዶሻ ደብድቦ፣ እጁን አድምቶ አስገባው።

ቀጥሎ ካርዳኑ ነው፤ ከትራክተሩ ኋላ ወደ ማጨጃው ኃይል የሚያስተላልፈው የሚሽከረከር ዘንግ። ጥርሶቹ በደረቀ ግራሶና አፈር ተደፍነው አልገባ አለ። ቶሌራ በናፍጣ አጠበው፣ ፋቀው፣ ረገመው። ዘንጉን የሚሸፍነው ክዳን ድሮ አባቴ በሽቦ ጠፍሮት ነበር፤ ዓለም ገና ደርሶ ሲመለስ ግን ክዳኑም ሽቦውም የለም። ሁለታችንም አየነው። አሁንም ማን ለማን ይናገር?

ወደ ሳሩ ስንወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ክንዱን አወረድኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ምላጩ ቀጭ ቀጭ እያለ ተነሳ። ደስ ሊለኝ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ሳሩ ከመታጨድ ይልቅ ተጣጥፎ ጣቶቹ ውስጥ ተወተፈ፣ ምላጩም ተነከሰና ቆመ። ዞሬ ሳይ ያለፍኩበት ላም የተኛችበት ይመስላል። ቶሌራ ተንበርክኮ ሳሩን በእጁ መዘዘ። እንደገና ሄድን፣ እንደገና ተወተፈ። ደግመን ሄድን፣ ያው።

«ፍጥነቷን ትቀንስ በያት!»

«ምላጩን ያስተካክል በይው!»

እናቴ በዚያ ጎርባጣ ሜዳ ላይ ትራክተሩን እየተከተለች፣ ቃላችንን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸክማ ትመላለሳለች። ትንፋሿ ያጥራል። እጇን ጉልበቷ ላይ ጥላ ታርፍና ትነሳለች። የማየው ግን ሳሩን ነበር።

ቶሌራ ምላጩ ሲመላለስ የት እንደሚቆም ማየት ፈለገ። የእያንዳንዱ ምላጭ ጫፍ በብረቱ ጣት መሐል ላይ ካልቆመ አይቆርጥም። ስለዚህ ትራክተሩ ሳይንቀሳቀስ ካርዳኑን ቀስ አድርጋ ታዙረው አለ፣ ለናቴ። እናቴ ነገረችኝ፣ እኔም አዞርኩት። እሱ ማጨጃው ሥር ቁጢጥ ብሏል። እኔ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተጠምዝዣለሁ። እናቴ በመካከላችን ቆማለች። ዘንጉ ይሽከረከራል።

«የውጭኛው ጫፍ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ወደ ፊት መሳብ አለበት በያት።»

«አባባ እንደሱ ሲያደርግ አላየሁም በይው።»

«እሷ ሁልጊዜ ላይ ተቀምጣ ነው! ከኋላ በእግሩ ሲከተል የኖረው ማነው በያት!»

«አባባ አልጋ ላይ ሲወድቅስ ማነው የተከተለው በይው!»

«ለምን እንደተከተለችው ታውቀዋለች በያት!»

እናቴ ይህችን አላደረሰችም። መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አወረደች።

ይህ በኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እናት ነጠላዋን አውልቃ በተጣሉ ሰዎች እግር ሥር ካነጠፈች፣ ያንን ነጠላ ረግጦ የሚያልፍ የለም። ዱላ የተማዘዙ ጎረምሶች በአንዲት አሮጊት ነጠላ ፊት ዱላቸውን ሲጥሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ማርያምን!» አለች። «ያጠባሁት ጡት ይመስክር! እንግዲህ ይችን ረግጣችሁ እለፉ!»

በመካከላችን ልታነጥፈው ጎንበስ አለች። መካከላችን ግን ካርዳኑ ነበር።

የሱሉልታን ነፋስ ታውቁት ይሆናል፣ ሜዳው ላይ የሚያግደው ነገር የለም። የነጠላውን ጫፍ ብድግ አደረገው። ዘንጉ ጫፉን ያዘው። ቀስ ብሎ የሚዞር የመሰለኝ ነገር እንዴት እንደዚያ እንደፈጠነ ዛሬም አይገባኝም፤ ነጠላው እየተጠቀለለ ገባ፣ ሌላኛውን ጫፍ እጇ ላይ ጠምጥማ የያዘችው እናቴም አብራ ሄደች። በጉልበቷ ወደቀች። ክንዷ ወደ ዘንጉ ተዘረጋ።

«እትዬ፣ አጥፊው!» ብሎ ቶሌራ ጮኸብኝ።

የሞተሩን ማጥፊያ ሳብኩ። እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም፣ እጄ ነው የሳበው። ቶሌራ ዘሎ እናቴን ከኋላ አቅፏት ወደ ኋላ ወድቋል። ሞተሩ አንዴ፣ ሁለቴ አጓራና ጸጥ አለ።

ወርጄ ሳይሆን ወድቄ ደረስኩ። እናቴ ቶሌራ ደረት ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ፈጧል። መዳፏ ተልጧል፣ የእጅ አንጓዋ እጅ መጠምዘዝ በሌለበት በኩል ተጠምዝዟል። ነጠላው ዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ጠንካራ ገመድ ሆኗል። እንደ ሁልጊዜዋ ለሥራ ወገቧ ላይ አገልድማው ቢሆን ኖሮ፣ ነጠላው ብቻውን አይሄድም ነበር። ይህን ሳስብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ያ ዋቃዮ» አለች እናቴ፣ አምላኳን በኦሮምኛ ጠርታ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ነጠላዬ» አለች።

«እማዬ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አላት ቶሌራ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ወደኔ፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት። «እሷ ስትጠጋ እያየሽ ለምን አላጠፋሽውም?»

«አንተ አይደለህ እንዴ አዙሪው ያልከኝ!»

«እኔ መቼ አልኩሽ? እማዬን ነው ያልኳት!»

እውነቱን ነው። እኔን አላለኝም። ጠዋት ከመጣ ጀምሮ እስከዚያ ጩኸት ድረስ አንዲት ቃል ለኔ አልተናገረም፣ እኔም ለሱ አልተናገርኩም። ሁሉንም የተናገርነው ለሷ ነው፤ ስድቡን ሳይቀር።

እናቴ የታመመውን እጇን በደህናው እጇ ደግፋ አየችን። ተቆጥታ ነበር። እናቴ እንደዚያ ስትቆጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ማጨጃውን ከትራክተሩ ለያዩልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለገሰን ለምኜው ነው። እሱማ ይህ የማይሆን ነው ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ለጫልቱ ብሰጥ አንተ ደጄን አትረግጥም ብዬ ፈራሁ። ሳሩ ሲደርስ የግዳቸውን ይጠራራሉ አልኩ። በዓመት አንዴ እንኳን፣ ለሳሩ ብለው። እንዲህ ክፉ ልጆች መውለዴን መች አወቅሁ!»

ቶሌራ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፣ ማልቀስ እንኳን ተናደድኩበት። በሁላችንም ተናደድኩ፤ በሱ፣ በራሴ፣ በኦቦ ለገሰ፣ ለልጆቿ አንድነት ብላ ብረት በገመሰችው እናቴም ጭምር።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። መንገዱ በዘለለ ቁጥር ቶሌራ እጇን ደግፎ ይዟል፣ እኔ ትከሻዋን። ተሰንጥቋል ተብሎ በጀሶ ታሰረ። ያከመቻት ልጅ «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔም ቶሌራም ወለል ወለል አየን።

«አዳልጦኝ ነው» አለች እናቴ። ይህንንም እሷው ተሸከመችልን።

ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እናቴን አልጋዋ ላይ ልናሳርፋት ስንል እምቢ አለች። «እኔን ተዉኝ። ሳሩን እጨዱ። ሳሩ ካልታጨደ እጄን በከንቱ ነው የሰበራችሁት።» የምትናገረው ብዙ አይደለም ብያችሁ ነበር። ያን ቀን የዓመቱን ተናገረች።

ሜዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ሆንን። መጀመሪያ ነጠላውን ከዘንጉ ላይ ማውጣት ነበረብን። አይፈታም። በቢላ መቁረጥ ግድ ሆነ፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይቆርጣል። ጥለቱ፣ ነጩ፣ እንደገና ጥለቱ፣ በጭቃና በግራሶ ጠቁሮ ቁራጭ ቁራጭ እያለ ወጣ።

«ያኔ ድንኳኑ ውስጥ ያልኩሽ ነገር…» አለ ቶሌራ ቀና ሳይል።

«ቢላውን ወዲህ በል» አልኩት።

ለመስማት አልተዘጋጀሁም ነበር። ቢያንስ ግን ለኔ ነው የጀመረው።

ከዚያ በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢትና በሽቦ ዘንጉን ሸፈንነው። ያ ሳይሆን ሞተር አይነሳም አልኩ፣ እሱም አልተከራከረኝም። የቀኙን ክንድ እጀታ አሳየሁት። ትንሽ ሲያዞረው ማጨጃው ቀጥ ብሎ ተስተካከለ። አየኝ።

«ጠዋት ይህን ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

እጁ ላይ የደረቀውን ደም አየና ራሱን ነቀነቀ። ኋላ እሱ ደግሞ የማጨጃውን ክንድ የውጭ ጫፍ አሳየኝ። አባባ ሁልጊዜ ጫፉን ከውስጠኛው አንድ ጋት ያህል አስቀድሞ ነበር የሚያስረው፤ ሥራ ሲጀምር ሳሩ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ያኔ ቀጥ ይላል። እኔ ይህን አላየሁም፣ ከላይ አይታይም። ዳዶውን ፈታ፣ እኔ ጫፉን ሳብኩ፣ በመዳፉ ለካና አጠበቀ። ምላጮቹንም አንድ በአንድ ጣቶቹ መሐል አስገባ።

«ተነሺ እንግዲህ። ቀስ ብለሽ። ስልሽ ደግሞ ቁሚ።»

«ስትለኝ እቆማለሁ።»

ክንዱን አወረድኩ። ምላጩ ተነሳ። ሳሩ ለአፍታ ሳይነካ የቆመ መሰለና ከሥሩ ተቆርጦ ወደ ኋላ ጋደም ጋደም አለ። ዞሬ አየሁ። ያለፍኩበት ንጹሕ ነው። ሁለት ዓመት ያጣሁት ነገር ያን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ።

እስኪጨልም አጨድን። ቶሌራ ከሥራው አስፈቅዶ በነጋታውም ዋለ፣ በሦስተኛውም። ይሁንና ሁሉም ሳይከመር ዝናቡ መጣ። በመጨረሻው ቀን ያጨድነው ሳር መሬት ላይ እንዳለ ጠቁሮ ቀረ። አንዷን አሮጊት ላም ሸጥን። የቀሩት ከረሙ፣ እኔም ከረምኩ።

ቶሌራ የጀመራትን ዓረፍተ ነገር ከብዙ ወራት በኋላ በስልክ ጨረሳት። ምን እንዳለኝ ለኔ ይቅር። ከዚያ በኋላ ተፋቀራችሁ ወይ ብትሉኝ ግን አልዋሻችሁም፣ እንጣላለን። ስለ ላሞቹ እንጣላለን፣ ስለ ናፍጣው እንጣላለን፣ ጆሮዬ እስኪግል ስልክ ላይ እንጯጯኻለን። ነገር ግን እማዬ እንዲህ በይው፣ እማዬ እንዲህ በያት የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፍቷል። ማጨጃውንም ከትራክተሩ ላይ ፈትተነው አናውቅም።

አንባቢዎቼ፣ ከወንድማችሁ፣ ከእህታችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር የተኳረፋችሁ ሁሉ፣ ታረቁ ብዬ አልሰብካችሁም። አንዳንዱ ነገር በአንድ ቀን አይወጣም፣ አውቃለሁ። የምለምናችሁ ሌላ ነው። ንግግራችሁን የምታመላልሱበት ያ ሰው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት። አባት ይሆናል፣ ሚስት ትሆናለች፣ ትንሽ ልጅም ይሆናል። ደክሞት ይሆናል። እኛ ያላየነው እየተያየን ስላልነበር ብቻ አይደለም፤ እሷ ሁልጊዜ እዚያ የምትቆም ስለመሰለን ነው።

ዘንድሮ ሳሩ ሲደርስ ቶሌራ መጣ። የምላጩን አቋም ለማየት ሞተሩን አስነስተን ካርዳኑን አዞርነው። እናቴ በብርድ ጊዜ የማይታጠፈውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ ምን እንደጎደለን ልታይ ከጋጣው ወደኛ መምጣት ጀመረች። እኔ ከወንበሩ ላይ፣ ቶሌራ ከመሬት፣ ሳንተያይ፣ እኩል ጮኽን፦

«እማዬ፣ አትጠጊ!»

ባለችበት ቆመች። ወደ እሱ አየች፣ ወደኔ አየች።

«በሉ እንግዲህ» አለች፣ «ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ ተባብራችሁ እኔን ልታባርሩኝ?»

እያጉረመረመች ዞረች። ፊቷን ግን አይቼዋለሁ፣ ፈገግ ብላ ነበር፤ ከሄደች በኋላም ያን እያሰብኩ ሞተሩ ላይ ነዳጅ ቶሎ አልጨመርኩም።